ለአጥንት መሳሳት፦ ኪኒን ይሻላል ወይስ መርፌ?

ጥቁር አንበሳ አካባቢ ማዘዣ ይዞ ፋርማሲ ለፋርማሲ የሚዞር ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ «የየት አገር ነው?» እና «ስንት ነው?»። የአጥንት መድኃኒት ሲሆን ግን የሚቀድም ጥያቄ አለ። በሽተኛው ሌላ ምን ይወስዳል?

ከካልሲየም እንጀምር። ካልሲየም ካርቦኔት የሚባለው ዓይነት ርካሽ ነው፣ በቀላሉም ይገኛል። ግን የጨጓራ አሲድ ስለሚፈልግ ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። ጾመኛ ከሆኑ ሲያፈጥሩ ይዋጡት። ካልሲየም ሲትሬት የሚባለው ዓይነት በባዶ ሆድም ይሆናል። ለጨጓራ ዘወትር አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል የሚውጥ ሰው (በዚህ ከተማ የማይውጥ ካለ እጁን ያውጣ) ሲትሬት ይሻለዋል። ክፋቱ፣ አንዱ ፍሬ የሚይዘው ካልሲየም ትንሽ ነው። ካርቶኑን ገልብጠው ያንብቡ፦ 1250 ሚሊግራም የሚል ካርቦኔት ውስጥ ያለው ንጹህ ካልሲየም 500 ብቻ ነው። ዋጋ ሲያወዳድሩ በዚህ ቁጥር ያወዳድሩ። የታይሮይድ ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ በሁለቱ መሀል 4 ሰዓት ይኑር።

ካልሲየም ብቻውን ግን የሳሳ አጥንት አያክምም። ዋናው መድኃኒት አሌንድሮኔት ነው፤ ባለ 70 ሚሊግራሙ በሳምንት አንዴ ይዋጣል። ጣጣው ጠዋት ላይ ነው። በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዋጥና ለ30 ደቂቃ ምንም አይቀመስም። ጋደም ማለትም የለም፤ ጉሮሮን ያቆስላል። ቡና ደግሞ ወደ ሰውነት የሚገባውን መድኃኒት በ60 በመቶ ገደማ ይቀንሰዋል። ጠዋት ቡናዋ እስኪደርስ ራሷን ለሚያማት እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቢሆንም በሳምንት አንድ ቀን ነውና፣ ቀጥ ብላ መቀመጥ የምትችል፣ ኩላሊቷም ጉሮሮዋም ደህና የሆነ ከሆነ እኔ በዚህ ጀምሩ እላለሁ።

ኪኒን የሚረሳ ወይም መዋጥ የሚቸግረው ሰው ዞሌድሮኒክ አሲድ አለለት። በዓመት አንዴ በደም ስር እየተንጠባጠበ ይሰጣል። መጀመሪያ ሰሞን ትኩሳትና ቁርጥማት ሊያመጣ ይችላል። ኩላሊቱ ለደከመ ግን እሱም አይሆንም።

ዴኖሱማብ በየ6 ወሩ ከቆዳ ስር የሚወጋ ነው። ኩላሊት ለታመመም ይሰጣል፣ የደም ካልሲየም እየታየ። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ አንድ ችግር አለው። ቀጠሮው ከዘገየ ወይም ከተቋረጠ አጥንቱ በፍጥነት ይሳሳል፣ የጀርባ አጥንት እስከመሰበር ይደርሳል። አንድ ሰሞን ተገኝቶ ሌላ ሰሞን በሚጠፋበት ገበያ፣ ወይም ዘመድ ከውጭ ይልካል ተብሎ፣ ቀጣዩ መርፌ ሳይረጋገጥ ባይጀመር ይሻላል።

ፕሬድኒሶሎን (የስቴሮይድ መድኃኒት) 3 ወር እና ከዚያ በላይ የሚወስዱ፣ እንዲሁም ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል ወይም ፌኒቶይን የሚወስዱ ይህን ለሐኪሙ ይንገሩ። እነዚህ መድኃኒቶች አጥንት ያሳሳሉ። በራስ ማቋረጥ ግን አይሞከርም። የሚነቀል ጥርስ ካለም ኪኒኑም መርፌውም ከመጀመሩ በፊት ይነቀል።