በመጠነኛ ዋጋ የሚገኝ ጥሩ ቀይ ወይን፦ የቺሊው ካርሜኔር

ለአንድ ጠርሙስ ብዙ ገንዘብ ማውጣት ሳይፈልግ በጥንቃቄ የተሠራ ቀይ ወይን መጠጣት ለሚሻ ሰው፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠቁመው ካርሜኔር ከተባለው የወይን ዘር ተሠርቶ ከቺሊ የሚመጣውን ወይን ነው። ይህን ስል ካርሜኔር የተባለ ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ዘሩ የአምራቹን ግዴለሽነት መሸፈን የማይችል በመሆኑ፣ የተጠነቀቀውንና ያልተጠነቀቀውን ጠማቂ ገና በመጀመሪያው ጉንጭ ለመለየት ያስችላል። እዚህ የምገመግመው ከኮልቻጓ ሸለቆ የመጣ፣ ፍሬው ከተለቀመ ብዙ ያልቆየ፣ በቡሽ ሳይሆን በሚጠመዘዝ ክዳን የታሸገና የአልኮል መጠኑ 13.5 በመቶ የሆነ ወይን ነው። ጽሑፉ ለአንድ ድርጅት ማስታወቂያ እንዳይመስል የጠማቂውን ስም ትቼዋለሁ፤ የምለው ነገርም በተመሳሳይ ደረጃ ለሚገኙ ሌሎች ጠርሙሶች በአብዛኛው ይሠራል።

ቀለሙ ጥቁር ሊባል የተቃረበ ቀይ ሲሆን ጠርዙ ላይ ወደ ሐምራዊ ያደላል። ወጣት ካርሜኔር ሁሉ እንዲህ ስለሆነ ለቀለሙ የተለየ ምስጋና አያስፈልገውም። ሊተኮርበት የሚገባው መዓዛው ነው። ብርጭቆው ገና ሳይነቃነቅ አፍንጫን ቀድሞ የሚያገኘው፣ ልጡ በእሳት የተለበለበ የፈረንጅ ቃሪያን የሚያስታውስ አረንጓዴ መዓዛ ነው። ብርጭቆው ሁለት ሦስት ጊዜ ከተሽከረከረ በኋላ ግን ይህ ወደ ኋላ ይልና የበሰለ ፕሪም፣ ቀጥሎም ቁንዶ በርበሬና ስስ የጭስ ሽታ ይመጣሉ። አፍ ውስጥ ሲገባ ለስላሳ ነው፤ ታኒኑ፣ ማለትም ከፍሬው ልጥ የሚወጣው አፍን የሚይዝ ነገር፣ ድድን በጥቂቱ ያዝ አድርጎ ይለቃል እንጂ ምላስን አያደርቅም። ፍሬያማው ጣዕም የጎላ ቢሆንም ወደ ጣፋጭነት አያደላም፤ ከሥሩም ወይኑ አፍ ውስጥ እንዳይከብድ የሚያደርግ መጠነኛ ኮምጣጣነት አለ። ድክመቱ ከተዋጠ በኋላ ጣዕሙ ብዙ አለመቆየቱ ነው፤ ከዋጋው አንጻር ግን ይህን እንደ ትልቅ ጉድለት አልቆጥረውም።

ያ የቃሪያ መዓዛ የካርሜኔር መለያም ፈተናም ነው። ምንጩ ፒራዚን የተባሉ ውህዶች ሲሆኑ፣ በቀይ ወይን ውስጥ በሊትር 15 ናኖግራም አካባቢ ሲደርሱ፣ ማለትም የአንድ ግራም 15 ቢሊዮንኛ ያህል በሆነ መጠን፣ አፍንጫ ይለያቸዋል። ውህዶቹ ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ይከማቹና እየበሰለ ሲሄድ ይቀንሳሉ፤ የፀሐይ ብርሃን ዘለላውን በቀጥታ ካገኘውም ክምችታቸው አነስተኛ ይሆናል። ስለዚህ ጠንቃቃ ገበሬ ፍሬው ቀለም ከመያዙ በፊት በዘለላው ዙሪያ ያለውን ቅጠል ያሳሳል፤ ከዚያም ካርሜኔር ሜርሎ ከተባለው ሌላ ቀይ የወይን ዘር ሦስትና አራት ሳምንት ዘግይቶ የሚደርስ ዘር መሆኑን ስለሚያውቅ ሌላው ሁሉ ተለቅሞ ሲያልቅ በትዕግሥት ይጠብቃል። የመጠበቁም ነገር ልክ አለው። ለቀማው ከመጠን በላይ ከዘገየ ስኳሩ ይጨምርና አልኮሉ 14.5 በመቶና ከዚያ በላይ ይደርሳል፣ ኮምጣጣነቱም ይወርድና ወይኑ እንደ ማርማላታ ይወፍራል። ያለጊዜው የተለቀመው ደግሞ ጥሬ ሣር ሣር ይላል። በዚህ ጠርሙስ ውስጥ አረንጓዴው መዓዛ ፈጽሞ ሳይጠፋ፣ የፍሬውንም ጣዕም ሳይጫን መገኘቱ የለቀማው ቀን በሚገባ መመረጡን ያሳያል፤ ወይኑን በደንብ የተሠራ ያሰኘኝም ከሁሉ በላይ ይኸው ነው።

ዘሩ ይህን ያህል አስቸጋሪ ሆኖ ሳለ ቺሊ እንዴት መታወቂያዋ እንዳደረገችው ለመረዳት ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል። ካርሜኔር በመሠረቱ ቦርዶ ከተባለው የፈረንሳይ የወይን አካባቢ የመጣ ዘር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከሌሎች የቦርዶ ዘሮች ጋር ወደ ቺሊ ተወሰደ፤ ብዙም ሳይቆይ ፊሎክሴራ የተባለው ሥር በል ተባይ የአውሮፓን የወይን እርሻ ሲያወድም ቦርዶ ውስጥ የነበረው አብሮ ጠፋ። በቀዝቃዛና እርጥብ ጸደይ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ስለሚረግፍ፣ ከጥፋቱ በኋላ መልሶ ለመትከል የተነሣ ሰው እምብዛም አልነበረም። ተባዩ ባልደረሰባት ቺሊ ግን ከሜርሎ ጋር ተደባልቆ፣ ሜርሎ እየተባለ ኖረ፤ የሁለቱ ዘለላም ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ይለቀም ስለነበር፣ የቺሊ ሜርሎ ጥሬ ጥሬ ይላል የሚለው ወቀሳ ከፊል ምክንያቱ ሳይበስል የተለቀመው ካርሜኔር ነበር። ነገሩ የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ1994 ፈረንሳዊው የወይን ዘር ሊቅ ዣን ሚሼል ቡርሲኮ በቺሊ ማይፖ ሸለቆ በሚገኝ፣ ቪኛ ካርመን በተባለ ወይን አምራች ማሳ ውስጥ ሜርሎ ይባል የነበረውን ተክል ካርሜኔር መሆኑን ለይቶ ሲያሳውቅ ነው። ለጋው ቅጠል ከሥሩ ቀላ ማለቱ ከሜርሎ ከሚለዩት ምልክቶች አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ ማሳዎቹ እየተለዩ፣ እያንዳንዱ ዘር በራሱ ጊዜ መለቀም ጀመረ። ዛሬ በመጠነኛ ዋጋ የምናገኘው ንጹሕ ጣዕም የዚያ መለየት ውጤት ነው።

በርካሽ ወይን ላይ ብዙ ጊዜ የሚያስከፋኝ የእንጨቱ ነገር ነው። አዲስ የኦክ በርሜል ውድ በመሆኑ፣ አንዳንድ አምራቾች የኦክ ስንጥር ወይም ጣውላ በብረት ገንዳ ውስጥ እየነከሩ የቫኒላና የቸኮሌት ጣዕም ያወጣሉ። አሠራሩ የተፈቀደ ነው፤ ነገር ግን ጥሬውን ፍሬ ለመሸፋፈን ሲውል ወይኑ የተቃጠለ ስኳር ጣዕም ይይዛል። እዚህ እንጨት ካለም በስሱ ነው። መለያውን ለሚያነብ ደግሞ፣ በቺሊ ሕግ ከወይኑ 75 በመቶው ካርሜኔር ከሆነ ስሙን መጻፍ እንደሚቻል ማወቁ አይከፋም፤ ቀሪው ብዙውን ጊዜ ሲራ ወይም ካቤርኔ ሶቪኞን የተባሉት ሌሎች ቀይ የወይን ዘሮች ነው፣ ይህም ነውር የለበትም።

ወይኑ የሚቀርብበት ሙቀት ከሚገመተው በላይ ጣዕሙን ይለውጠዋል። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲሆን ከላይ የገለጽኩት ሚዛን ይጠበቃል፤ ከ20 ሲያልፍ አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል፣ በጣም ሲቀዘቅዝ ደግሞ አረንጓዴው መዓዛ ሌላውን ይውጣል። ስለዚህ ሞቃት ክፍል ውስጥ የቆየ ጠርሙስ ከመከፈቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ ማቀዝቀዣ ቢገባ ይሻላል። ተከፍቶ ክዳኑ በደንብ ከተገጠመና በቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ በማግስቱም ይጠጣል፤ የጭሱ መዓዛ ይደክማል እንጂ ፕሪሙ አይጠፋም። ለዓመታት ይሻሻላል ብሎ ማስቀመጥ ግን ትርፍ የለውም፤ የተሠራው በወጣትነቱ እንዲጠጣ ነው። ድድን ጨምድዶ የሚይዝ ጠንካራ ታኒን የሚወድ ሰው ግን ካርሜኔሩን ትቶ ከዚያው ሸለቆ የሚመጣውን ካቤርኔ ሶቪኞን ቢገዛ ይሻለዋል።