ኮች፣ እግዜር ይስጥልኝ!

ለፍጥነት ብረት ስለሚያሠራኝ አሰልጣኜ ይህን ሳልጽፍ ብቀር ሕሊናዬ ይወቅሰኛል። መቶና ሁለት መቶ ሜትር የምትሮጡ፣ ኳስ የምትጫወቱና ፍጥነት አነሳችሁ የምትባሉ፣ እስቲ አንብቡት።

መጀመሪያ ያየሁትን መከራ ልንገራችሁ። አንዱ ቦታ ከባድ ብረት ጭራሽ አያስነኩም። «እግርሽ ይወፍርና ፍጥነትሽ ይጠፋል» ይሉኛል። ሌላኛው ደግሞ የባሰበት ነው። ብረት መደራረብ ብቻ! ስኳት፣ ማለትም ብረት ትከሻ ላይ ተሸክሜ ቁጭ ብድግ፣ ስሠራ ጀርባዬ ሲጎብጥ የሚያይ የለም፣ አሰልጣኝ ተብዬው ስልኩ ላይ ነው። እግሬ እስኪንቀጠቀጥ ካልሠራሁ ሰነፍ እባላለሁ። በማግስቱ መም ላይ ስወጣ የሰው እግር የተዋስኩ ይመስለኛል። ጉልበቴን አመመኝ ስል «ልመጂው» ተባልኩ። ልመጂው! አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ለዚህም ገንዘብ ከፍያለሁ።

ይሄኛው ሰው ግን ገና ስመጣ «እስቲ ሩጪና ልይሽ» አለኝ። ከዚያ ባዶውን ባር፣ ክብደት የሚሰካበትን የብረት ዘንግ፣ 20 ኪሎዋን ብቻ፣ አሸከመኝና መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ተረከዜን ያይ ጀመር። አዎ፣ መሬት ላይ። «ግራው ይነሳል» አለ። እስከዚያ ቀን ይህን የነገረኝ ሰው የለም።

ክብደቱን የጨመረልኝ ቀስ እያለ ነው። አሁን የምሠራው ከባድ ነው፣ ግን ከ3 እስከ 5 ጊዜ አነሳና ደቂቃዎች አርፋለሁ። መጀመሪያ የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር። በሙሉ ፍጥነት ስንሮጥ እግራችን መሬት የሚነካው ለ0.1 ሰከንድ ያህል ነው፣ በዚያች ቅጽበት መሬቱን በኃይል መግፋት አለብን፣ ያንን ኃይል ደግሞ በድካም አንገነባውም አለኝ። ስለ ነርቭ ያስረዳኝን ግን አልገባኝምና አልቀባጥርም።

አንድ ቀን ባሩን ይዤ ስነሳ «በቃሽ» አለኝ።
«ኮች፣ አንድ ልጨምር!»
«ባሩ ዘገየ። ዝግታ ልትለማመጂ ነው እንዴ?»
ብረቱን ራሱ አወረደና «ተኝተሻል?» አለኝ። አልተኛሁም። እናቴ ታማ ሌሊቱን አጠገቧ ነበርኩ። ለማንም አልተናገርኩም፣ እሱ ግን ከባሩ ላይ አነበበው። ወደ ቤት ላከኝ። ማታ ደውሎም እንዴት አደሩ፣ እንዴት ዋሉ ብሎ እናቴን ጠየቀ። ይህን መቼም አልረሳውም።

ሩጫውንም አላስተወኝም። ትኩስ እያለን እንሮጣለን፣ ብረቱ ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ጉልበቴ ሰላም ነው። ከመነሻው ጥላኝ ትሄድ የነበረችው ልጅ አሁን ኮቴዋን ከኋላዬ እሰማዋለሁ። እግርሽ ይወፍራል ላላችሁኝ ደግሞ፣ ሱሪዎቼ ሁሉ ልኬ ናቸው።

ሂዱ ብያለሁ፣ ሂዱ! የሚሮጥ ልጅ ያላችሁም ውሰዱለት። አድራሻውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እልካለሁ። የመሮጫ ጫማ መያዝ እንዳትረሱ፣ ሳያስሮጥ ብረት አያስነካም።