ምስል ወይስ ቆርኪ?
ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው የሚና ጨዋታ (እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ታሪክ የሚጫወትበት) በ1974 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ መነሻው በትንንሽ ምስሎች፣ ማለትም በተዋጊ ቅርጽ በተሠሩ አሻንጉሊቶች፣ የሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ ነበር። ምስል ለውጊያ ይመቻል። ጠረጴዛው ላይ የሚሰመረው 2.5 ሴንቲሜትር የሚሆን ካሬ በታሪኩ 1.5 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ማን ማን ጋ ይደርሳል የሚል ጭቅጭቅ የለም። ችግሩ፣ ሐዋሳ ሆኖ ምስል መፈለግ ብዙ ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ መጠበቅ ነው። ቀለም መቀባቱም ሌላ ጣጣ።

ቆርኪ ግን በየግሮሰሪው በነጻ ይገኛል። ቁጥር ጻፉበት፤ ጎብሊን (ትንሽ ጭራቅ) ሆነ። ስፋቱ 3.2 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ካሬውን ሰፋ አድርጋችሁ አስምሩ።

እኔ ተራውን ጠላት በቆርኪ እጨርሳለሁ። ዘንዶው ላይ ግን አልደራደርም። ቆርኪን ማን ይፈራል? ለእሱ ምስል ይገዛለት።