ከዚራ ያለችው ፈቲራ ቤት፣ ከነወሬዋ

ድሬዳዋ ላይ ቁርስ ካማራችሁ ከዚራ ሰፈር ግቡና ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳትርቁ ሰማያዊ መጋረጃ ያላትን ትንሽ ቤት ፈልጉ። በሯ ላይ ስም የለም። ፈቲራው እንቁላል በደንብ የገባበት ነው፤ ጠርዙ ይንኮሻኮሻል፤ ማር አይሰስቱበትም። ሻዩ ሄል ሄል ይላል። ሁለት ሰዓት ካለፈ ግን ወንበር አይገኝም፤ የእጅ መታጠቢያው ውሃም ሁለቴ ጠፍቶብኛል፣ ይህን ቢያስተካክሉ።

እኔን የሚመልሰኝ ወሬው ነው። ጂቡቲ ወደብ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ ጠዋት ጠዋት እዚያ አይጠፉም። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሀብታም ባሕር ላይ ሊያቆማት ስለሞከረው አገር፣ ስለ ሚነርቫ ሪፐብሊክ አጫወቱን። አቦ፣ ፈቲራዬ ቀዘቀዘ!

ማይክል ኦሊቨር የሚባል፣ ሊቱዌኒያ ተወልዶ አሜሪካ ላስ ቬጋስ በቤትና መሬት ንግድ የከበረ ሰው ነበር። ግብር የሌለበት፣ መንግሥት በገበያ እጁን የማያስገባበት አገር ፈለገ። ባለቤት የሌለው መሬት ከየት ይምጣ? ከቶንጋ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ፣ ባሕሩ ሲሞላ ውሃ የሚውጣቸው፣ ሚነርቫ የሚባሉ የኮራል ድንጋዮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1971 ከአውስትራሊያ አሸዋ እያስጫነ እነሱ ላይ አስደፋ። በጃንዋሪ 1972 ነፃነት ታወጀ፣ ባንዲራ ተሰቀለ፤ በፌብሩዋሪ ሞሪስ ዴቪስ የሚባል ሰው ፕሬዚዳንት ሆነ።

እዚህ ላይ ጋሼ የስኒ ማስቀመጫው ላይ ሁለት ማንኪያ ስኳር ቆለሉና ሻይ ጠብ አደረጉበት። ስኳሩ ቡናማ ሆነ፣ በአንድ ጎኑ ተናደ፣ ከዚያ የለም። ማንም አልሳቀም። በእኛ አቆጣጠር በ1998 ክረምት የድሬው ደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ያየ ሰው ውሃ በአንድ ሌሊት ምን እንደሚሠራ ያውቀዋል።

ሚነርቫን የጣላት ግን ባሕሩ አይደለም። በዚያው በ1972 ጁን ላይ የቶንጋው ንጉሥ ታውፋአሃው ቱፖው 4ኛ ቦታው የኛ ነው ብለው ባንዲራቸውን አስተከሉ። ሴፕቴምበር ላይ የደቡብ ፓስፊክ ፎረም አገሮችም ለቶንጋ ፈረዱ። ኦሊቨርና ዴቪስ ደግሞ እርስ በርስ ተጣሉ። ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1982 ሰዎች ይዞ ቢመለስም ሦስት ሳምንት ገደማ እንደቆዩ የቶንጋ ወታደሮች አስወጧቸው።

«ጋሼ፣ ግብር የለም ማለታቸው ነው ያጠፋቸው?» አልኳቸው።

«የለም ልጄ። ጎረቤት ሳያናግሩ ጎጆ ቀለሱ።»

እኔም እንደሳቸው ነው የማስበው። ድሬም እኮ ባቡሩ ሐረር ተራራ መውጣት አቅቶት እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ስለደረሰ የተቆረቆረች፣ ከዚራም የኩባንያው ሰዎች ቀጥ ቀጥ ያለ መንገድ ያሰመሩባት ሰፈር ናት። ግን ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ ዓረቡ መጥቶ ገበያ ባይቆምባት፣ ባይጋባባት ኖሮ ዛሬ ሐዲዱ ብቻ ነበር የሚቀረው።

ቅዳሜ አንድ ሰዓት ላይ ሂዱ። ጋሼ መስኮቱ ሥር ናቸው፣ ሻያቸው ስኳር ይበዛዋል።