ቀፎ አንኳኩቶ «ስማው!» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ

ሰሜን ሸዋ ላይ ንብ ማነብ የጀመራችሁ፣ በተለይ እንደኔ ጀማሪ የሆናችሁ፣ ብር ሳታወጡ ይቺን አንብቡ።

የመንዝ በግ ስገዛ ጥርሱን ሳላይ፣ ወገቡን ሳልዳብስ ዋጋ አልጠራም። ንብ ስገዛ ግን የዳበስኩት የቀፎውን እንጨት ብቻ ነው።

መስከረም መጨረሻ ነበር። ደብረ ብርሃን ዙሪያው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ሻጩ «ሲመሽ ና» አለኝ። ንብ የሚጓጓዘው ሁሉም ከገባ በኋላ ስለሆነ አልጠረጠርኩም። በጨለማ እንቁላል እንደማይታይ ያን ጊዜ የት አውቄ! የቀፎውን ጎን መታ መታ አደረገና «ስማው እንጂ ጋሼ!» አለኝ። እንደ ወፍጮ ቤት ጮኸ። ደስ ብሎኝ 7,500 ብር ቆጠርኩለት።

የሸወደኝ ያ ጩኸት ነው። በኋላ አንድ በንብ ያረጁ አባት አስረዱኝ። አውራ፣ ማለት እንቁላል የምትጥለው እናት ንብ፣ ያለችበት ቀፎ ሲነካ እምም ይልና ወዲያው ይረጋጋል። አውራ የሌለው ግን ድምፁን ይጎትተዋል፣ ቶሎም አይበርድለትም። ለካ ሰውየው ያሰማኝ ለቅሶ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከፈትኩት። በአንዱ የሰም ቀዳዳ ሦስት አራት እንቁላል፣ ያውም ግድግዳው ላይ የተለጠፈ። አውራ በአንድ ቀዳዳ አንድ ብቻ፣ ከታች መሃሉ ላይ ነው የምትጥለው። የኔው የሠራተኛ ንቦቹ እንቁላል ነበር። እነሱ ስለማይዳቀሉ ከነሱ የሚወጣው ድንጉላ፣ ወንዱ ንብ፣ ብቻ ነው፤ ድንጉላ ደግሞ አበባ አይቀስምም። አዲስ አውራ ለማሳደግ ከአሮጌዋ የተረፈ ለጋ እጭ ያስፈልጋቸዋል፤ ከተፈለፈለ ሦስት ቀን ያልበለጠው። ያ ደግሞ ቀድሞ አልቋል። በሥራ ወቅት የሠራተኛ ንብ ዕድሜ 6 ሳምንት ገደማ ነው። ኅዳር ላይ ጎረቤቴ ማር ሲቆርጥ እኔ ብል የበላውን ሰም ጠረግሁ።

እንደሚመስለኝ አንዱን ቀፎ ለሁለት ከፍሎ፣ አውራ ያለበትን ለራሱ አስቀርቷል። ስደውልለት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ንብ ዕድል ነው፣ እጅህ አልተስማማት ይሆናል።»

ስለዚህ መጀመሪያ በቀን ሂዱ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ። ጢስ ይዞ መሃል ያለውን ፍሬም፣ ሰሙ የተሠራበትን የእንጨት ክፈፍ፣ ራሱ ሻጩ ያውጣላችሁ። ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉና ቀዳዳው ውስጥ አንድ አንድ ነጭ ክር የመሰለ እንቁላል ፈልጉ። የታሸገው እጭ ክዳኑ ለጥ ያለ ከሆነ ሠራተኛ ነው፤ ሁሉም እንደ ጉልላት ካበጠ ድንጉላ ነው፣ ተዉት። ካማራችሁ ቀብድ ስጡ፣ ቀፎው ላይ ምልክት አድርጉበት፣ ቀሪውን ማታ ስታነሱት ክፈሉ። ከየት እንደመጣም ጠይቁ። የሸዋ ሮቢት ቆላ የለመደ ንብ የደብረ ብርሃንን 2,800 ሜትር ብርድ ሲያይ ሊኮበልል ይችላል።

ሻጩ «ይበርዳቸዋል፣ አልከፍትም» ካላችሁ የባዶ ቀፎ ዋጋ ጥሩለት።