የላይኛው ቆብ ወይስ የታችኛው? ከደሴና ከኮምቦልቻ ሄዶ ለሚያሠራ ሰው

እኛ ወሎዎች የዓይን ቆብ ኦፕራሲዮን ሲባል መጀመሪያ የሚታየን ትራኮማ ነው፤ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ዞሮ ዓይን ሲወጋ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተሂዶ የሚሠራው። እዚህ የማወራው ግን ለመልክ ስለሚሠራው ነው። አዲስ አበባ ሄደን እኔ የላይኛውን፣ ታላቅ እህቴ የታችኛውን ስላሠራን ሁለቱንም በቅርብ አይቻለሁ።

የላይኛው የሚሠራው ቆዳው ላልቶ ሽፋሽፍቱ ላይ ለተኛበት ሰው ነው። የተኳላችሁት ኩል ወዲያው ከላይ ያለው ቆዳ ላይ የሚታተም ከሆነ አንዱ ምልክት እሱ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚደነዝዘው ቆቡ ብቻ ነው፤ ስፌቱም በተፈጥሮው እጥፋት ላይ ስለሚያርፍ ዓይን ሲገለጥ ጠባሳው ይደበቃል። ትርፉ ቆዳ ሳይሆን የቆቡ ጠርዝ ራሱ ወርዶ ብሌኑን የሚሸፍን ከሆነ ግን የደከመው ቆቡን ወደ ላይ የሚያነሳው ጡንቻ ነው። ለእሱ ሌላ ሕክምና አለው፤ ቆዳ መቁረጥ ብቻውን ገንዘብ ማባከን ነው።

የታችኛው ከበድ ይላል። ከዓይን ስር እንደ ከረጢት የሚያብጠው ብዙ ጊዜ ወደፊት የወጣ ስብ ነው፤ እንቅልፍም ቅባትም አያጠፋውም። ሐኪሙ በቆቡ ውስጠኛ በኩል ገብቶ ካስተካከለው ውጪ ጠባሳ አይኖርም። ቆዳውም የላላ ከሆነ ከሽፋሽፍቱ ስር ይቆረጣል፤ እዚህ ላይ ከመጠን በላይ ከተቆረጠ ቆቡ ወደታች ይጎተትና ዓይን በደንብ አልከደን ይላል፣ ይደርቃል፣ ያነባል። እህቴን የሠራት ሐኪም የታችኛውን ቆብ በጣቱ ወደታች ስቦ ለቀቀው፤ ቶሎ ወደ ቦታው ይመለስ እንደሆነ ለማየት ነው። ከዚያ በፊት የሄደችበት ቦታ ዓይኗን ሳይነኩ ዋጋ ነበር የነገሯት። እንዲህ ያለ ቦታ አትሠሩ። ስለ ደም ግፊት፣ ስለ እንቅርት፣ ስለ ዓይን ድርቀት፣ ስለምትወስዱት አስፕሪን የማይጠይቅም እንደዚያው ነው።

ከዓይን ስር የሚወጋው፣ ፊለር የሚባለው የመሙያ መርፌ ለጎደጎደ እንጂ ላበጠ አይሆንም፣ ዘላቂም አይደለም። ደም ስር ውስጥ ከገባ ዓይን እስከማጥፋት ስለሚደርስ የውበት ሳሎን ውስጥ አትወጉ። የቆዳ ጥቁረት ብቻ ከሆነ ችግራችሁ፣ ሦስቱም አያጠፉትም።

ማገገሙ ላይ ሁለቱ ይቀራረባሉ፤ የታችኛው እብጠት ግን ቆየት ይላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለጥቂት ደቂቃ እያሳረፉ፣ በሁለት ትራስ ቀና ብሎ መተኛት ነው። እኔ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ዓይኔ ተጣብቆ አልገለጥ ሲለኝ ደንግጬ ነበር፤ ሐኪሙ ባዘዘልኝ ውሃ በጥጥ እያረጠብኩ ነው የከፈትኩት። ስፌት ከ5 እስከ 7 ቀን ይፈታል፣ መበለዙ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይወስዳል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ስፌት ሳይፈታ አውቶቡስ ላይ አትውጡ። አደገኛው የደም መፍሰስ በአብዛኛው በመጀመሪያው ቀን ነው የሚመጣው። ዓይን ወደ ውጪ ከገፋ፣ ሕመሙ ከበረታ ወይም እይታ ከደበዘዘ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው፤ ያን ሰዓት ከሐኪሙ ርቆ መንገድ ላይ መገኘት ያስፈራል።

ቤት ስትመለሱ የምጣዱን ጭስ ለሌላ ሰው ተዉ፣ የቡናውን ዕጣንም ራቅ አድርጉ። ለኮምቦልቻ ፀሐይና አቧራ ጥቁር መነጽር ያስፈልጋል። ማጎንበስ እብጠቱን ስለሚያባብሰው እህቴ ሐኪሙ እስኪፈቅድላት ሱጁድ ሳትወርድ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው የሰገደችው፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሰግድም እንደዚሁ ይጠንቀቅ።

ቆዳውም ከረጢቱም ኖሮባችሁ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ፣ እኔ የላይኛውን አስቀድሙ እላለሁ።