የሆስፒታል ኤቲክስ ኮሚቴ፦ ተጠቅመን ያየነው (ከ5 4)

ሆስፒታል ውስጥ ካርድ ክፍል፣ ላብራቶሪ፣ ፋርማሲ እንዳለ ሁሉም ያውቃል፣ ኤቲክስ (የህክምና ስነምግባር) ኮሚቴ የሚባል ነገር እንዳለ ግን ስንቱ ያውቃል? እኛ አባታችን ታሞ እስኪተኛ ድረስ ስሙንም ሰምተን አናውቅም። ስለ ስልክ ስለ ሬስቶራንት ሪቪው ይጻፋል፣ ስለዚህ ግን ሲጻፍ አላየሁም፣ የሚጠቅመው ሰው አይጠፋም ብዬ ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም።

ምን እንደሚሰሩ ባጭሩ፦ ሀኪምና ቤተሰብ ወይ ወንድምና እህት ወይ ራሳቸው ሀኪሞቹ "ትክክሉ የቱ ነው" ላይ ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚጠራ ቡድን ነው። ሀኪም አለበት፣ ነርስ አለበት፣ ሶሻል ወርከር፣ አንዳንዴ የሃይማኖት ሰው ወይ የህግ ባለሙያ። ምክር ይሰጣሉ፣ ምክሩ ፋይል ላይ ይጻፋል፣ ግን ማንንም አያስገድድም። እኛ ጋ የመጡት ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ አንዷ ድሮ ነርስ የነበረች ሴትዮ፣ አንዱ ወጣት ሀኪም፣ እሱ እንኳን ብዙም አልተናገረም ማስታወሻ ሲይዝ ነው የዋለው።

የኛ ጣጣ እንዲህ ነው። የአባዬ ውጤት ወጣ፣ የጣፊያ ምናምን ሲሉን ቆይተው በኋላ ቆሽት ነው ተባለ፣ ካንሰር፣ ጉበት ላይም ደርሷል። ታላቅ እህቴ ዶክተሩን ኮሪደር ላይ ይዛ "እባክህ እንዳትነግረው፣ ከሰማ በድንጋጤ ነው የሚሞትብን፣ ኢንፌክሽን ነው በለው" አለችው። እሱ ደግሞ "እሺ ኢንፌክሽን ነው ልበለው፣ ኬሞ ስጀምርለት ፎርሙ ላይ ምን ብሎ ነው የሚፈርመው?" አላት። እዚህ ላይ ሁላችንም ዝም አልን፣ ምክንያቱም እስከዛች ደቂቃ ድረስ ስለ ፊርማው ማን አስቦ። ትንሹ ወንድሜ ወዲያው ከዶክተሩ ጋር ሆነ፣ እህቴ አኮረፈች፣ እማዬ እንደፈለጋችሁ አለች፣ በቃ ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። ኮሚቴው ይጠራ ያለው ዶክተሩ ነው።

እውነት ለመናገር ስንገባ ሌክቸር ሊሰጡን ነው ብዬ ነበር የጠበቅኩት፣ መብት፣ ህግ፣ ሂዱና ንገሩት። ሴትዮዋ ግን መጀመሪያ ያደረገችው እያንዳንዳችንን ምን እንደምንፈራ መጠየቅ ነው። እህቴ "እኔ የምፈራው ምግብ ማቆሙን ነው" አለች፣ ይሄን ለኛ ነግራን አታውቅም። ከዛ ሴትዮዋ "ማወቅ ይፈልግ እንደሆነ እሱን የጠየቀ አለ?" አለች። የለም። ስንከራከር የሰነበትነው "ይነገረው" እና "አይነገረው" ላይ ነበር፣ በመሀል ሰውዬው ራሱ እንዳለ ረስተነዋል።

ያቀረበችው መንገድ እስካሁን ይገርመኛል። ዶክተሩ ገብቶ እንዲህ አለው፣ እኔ አጠገቡ ነበርኩ፦ "ጋሼ፣ ምርመራዎ ወጥቷል። አንዳንዱ ሰው ሁሉንም ልስማ ይላል፣ አንዳንዱ ለልጆቼ ንገሩልኝና እነሱ ይጨነቁበት ይላል። እርስዎ እንዴት ይሁን?" አባዬ ትንሽ አሰበና "በሽታውንና የሚያመኝን ለኔ ንገረኝ፣ ስንት ጊዜ ቀረህ የሚለውን ግን አልሰማም፣ እሱን ለትንሹ ልጄ ንገረው" አለ። ለትንሹ! እህቴ እኮ ናት ስታስታምመው የከረመችው፣ እንዴት እንደተሰማት እኔ ነኝ የማውቀው። ግን ሁላችንም ትክክል ነኝ ስንል አንዳችንም ያላሰብነው መልስ ነው የመጣው፣ ግማሹን ማወቅ ግማሹን አለማወቅ።

ሴትዮዋ እህቴን ጥፋተኛ አላደረገቻትም፣ ይሄ ትልቅ ነጥብ ነው። መደበቅ የቤተሰብ ብቻ ጠባይ እንዳልሆነ ነገረቻት፣ አሜሪካ ውስጥ በ1961 (አመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ሀኪሞች ተጠይቀው 90 ከመቶው ካንሰርን ለታካሚ አለመንገርን ነው የመረጡት፣ በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ 97 ከመቶው እንናገራለን አሉ። በ18 አመት ውስጥ ተገለበጠ ማለት ነው። ህክምናው ስለተሻሻለም ነው፣ ታካሚ ሳይገባው አይፈርምም የሚለው ነገር ስለጠነከረም ነው። እህቴ ይሄን ስትሰማ ትከሻዋ ሲወርድ አየሁት።

ኮሚቴው ሁለተኛ የመጣልን አይሲዩ፣ ማለትም የጽኑ ህሙማን ክፍል ውስጥ ነው፣ እሱን ባጭሩ ልለፈው። አባዬ የሳንባ ምች ጨምሮበት የመተንፈሻ ማሽን ላይ ሆነ፣ ከሱ ጋር መነጋገር አይቻልም፣ ያኔ ግን ማን እንደሚጠየቅ አልተከራከርንም፣ ራሱ ትንሹን መርጧላ። እህቴ "ማሽኑን ማንሳት መግደል አይደለም ወይ" ብላ ጠየቀች። የተሰጣት መልስ ማሽን አለመጀመርና የጀመሩትን ማቆም በህክምና ስነምግባር እኩል እንደሚታዩ፣ ለሚያነሳው ሰው ግን እኩል እንደማይሰማው ነው፣ ይሄን ማመናቸው ደስ ብሎኛል። ራሷን ስታ በመተንፈሻ ማሽን ስለቆየች ካረን አን ኩዊንላን ስለምትባል አሜሪካዊት ልጅም አነሱ፣ በ1976 የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማሽኑ እንዲነሳላት ፈቀደ፣ ሲነሳ ግን በራሷ ተንፍሳ ሳትነቃ እስከ 1985 ቆየች፣ ስለዚህ ከተነሳ በኋላ ስለሚሆነው ነገር ማንም ቃል ሊገባላችሁ አይችልም አሉን። መጨረሻ ላይ ያቀረቡት ለተወሰነ ቀን እንሞክር፣ እነዚህ እነዚህ ነገሮች ካልተሻሻሉ አንግፋበት የሚል ነበር። አልተሻሻሉም። ወንድሜ ወሰነ፣ እህቴም አልተቃወመችውም።

አሁን ወደ ቅሬታው። አንደኛ፣ ደሞዛቸውን የሚከፍለው ሆስፒታሉ ነው። እኔ በግልጽ "አልጋው ስለተፈለገ ነው እንዴ" ብዬ ጠየቅኩ፣ ሴትዮዋ አልተቆጣችም፣ ጥያቄው ተገቢ ነው፣ የአልጋ ጉዳይ እዚህ ክፍል ውስጥ አይነሳም አለችኝ። አመንኳት፣ ግን ከውጭ የመጣ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ማመኑ ይቀለኝ ነበር። ኋላ ሳነብ እንደዚህ አይነት ጥርጣሬ ከየት እንደሚመጣ ገባኝ፣ በ1960 አሜሪካ ሲያትል ውስጥ ዶክተር ቤልዲንግ ስክሪብነር ዲያሊስስን (ኩላሊት ሲደክም ደም በማሽን ማጣራትን) ደጋግሞ ለመስጠት የሚያስችል ቱቦ ሰርቶ ነበር፣ ማሽኑ ትንሽ በሽተኛው ብዙ ሲሆን ስማቸው የማይገለጥ ሰዎች ተሰብስበው ማን ይግባ ማን ይቅር ብለው ይመርጡ ነበር፣ ስራውን፣ ገቢውን፣ ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ሁሉ እያዩ። ያልተመረጠው ይሞታል። ከዛ አንጻር የዛሬው ኮሚቴ መካሪ እንጂ ወሳኝ አለመሆኑ ይሻላል እላለሁ፣ አንዳንዱ ጥርስ የለውም ብሎ ቢያማርርም።

ሁለተኛ፣ ዘግይተው ነው የሚመጡት፣ ቅዳሜና እሁድ ጭራሽ የሉም፣ በሽታ ደግሞ ቅዳሜ አያርፍም። ሶስተኛ፣ የሰጡን ወረቀት ኦቶኖሚ፣ ቤኔፊሰንስ ምናምን የሚል ቃል የሞላበት ነው፣ ያቺ ሴትዮ በአፏ ያለችውን ቢጽፉት ኖሮ ሁላችንም እናነበው ነበር። አንዳንድ ሀኪም ደግሞ ኮሚቴ ሲባል የተከሰሰ ይመስለዋል፣ የአይሲዩው ሀኪም ፊቱን አጥቁሮብን ነበር፣ ነርሶቹ ናቸው ያስታረቁን።

አንድ ኮከብ የቀነስኩት ለዚህ ነው፣ በተለይ ለመዘግየቱ። መጠቀም ለምትፈልጉ፣ ሀኪሙ እስኪጠራላችሁ አትጠብቁ፣ ብዙ ቦታ ቤተሰብም ታካሚም መጠየቅ ይችላል፣ ለዋና ነርሷ "ኤቲክስ ኮንሰልት እንፈልጋለን" በሏት። የለንም ካሉ ሶሻል ወርከር ጠይቁ። እና ታማሚው መናገር እየቻለ ለኔ የሚወስንልኝ እከሌ ነው የሚለውን ፋይሉ ላይ አስጽፉት፣ የተባለው ሰው የማትጠብቁት ልጅ ቢሆንም።